አየር ላይ ተቀምጣ የምትሮጠው መርከብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ፖስታችን ጉድ ነው። ለወትሮው የምትጽፉልን ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ያገለገለ መኪና ነው። አሁን ግን ከመሃል አዲስ አበባ ብቻ አምስት ደብዳቤ ስለ አንዲት የጦር መርከብ ደረሰን። ባሕር በሌለው አገር፣ ለዚያውም ተራራ ላይ ተቀምጠን! ምን እንደነካችሁ እንጃ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ገጹን በሙሉ ለእሷ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

ጥያቄ፦ አምባሳደር አካባቢ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። አንድ ደንበኛችን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ሩሲያ ሚሳኤል የተሸከመ፣ ውኃ የማይነካ፣ አየር ላይ ተንሳፎ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ የጦር መርከብ አላት ይላል። ግማሾቻችን ሳቅንበት፣ ግማሾቹ አመኑት። አሁን ነገሩ ውርርድ ሆኗል። የተሸነፈው ወገን ለሁሉም ማኪያቶ ይጋብዛል። አንተ ፍረድ። (ከአምባሳደር)

መልስ፦ ማኪያቶውን ተካፍላችሁ ክፈሉ። ደንበኛህ ግማሽ እውነት ነው የተናገረው። ሚሳኤሉ እውነት ነው። 100 ኪሎ ሜትሩም እውነት ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ያልፋል። «ውኃ አይነካም» የሚለው ላይ ግን ተሸውዷል።

መርከቧ በወረቀት ላይ «ፕሮጀክት 1239» ትባላለች። የቤት ስሟ «ሲቩች» ነው፣ የባሕር አንበሳ እንደማለት። በጠቅላላ የተሠሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ታላቅየዋ «ቦራ»፣ ታናሽየዋ «ሳሙም»።

አሠራሯን ለመረዳት ከቤት አንድ ሳፋ አምጣ። በርሜል ውኃ ላይ ድፋውና ወደ ታች ተጫነው። እምቢ ይልሃል። ውስጡ የታፈነው አየር ነው መልሶ የሚገፋህ። አሁን ሳፋው 65 ሜትር ርዝመት አለው እንበል። አየሩም በፊትና በኋላ ሹልክ እያለ ስለሚያመልጥ፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተመደቡ የናፍጣ ሞተሮች የሚዞሩ ትልልቅ ማራገቢያዎች ያለማቋረጥ ይሞሉታል እንበል። በቃ፣ መርከቧ ይህችው ናት።

ትንሽ ዘርዘር ላድርገው። ሁለት ቀጫጭን የመርከብ አካሎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በላያቸው አንድ ሰፊ ወለል ተዘርግቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከፊትና ከኋላ በጎማ መጋረጃ ይዘጋል። አየሩ ወደዚያ ሲነፋ መርከቧ ቀና ትላለች፣ ከውኃው ጋር የሚፋተገው አካሏም ያንሳል። ውኃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ስለዚህ ያን ፍትጊያ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱ ጎኖቿ ግን ምንጊዜም ውኃ ውስጥ ናቸው። ፕሮፔለሮቿም የሚሽከረከሩት እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። አትበርም፣ የብስ ላይም አትወጣም።

የብስ ላይ የምትወጣው ሌላ ናት። «ዙብር» የምትባል፣ ዙሪያዋን በሙሉ በጎማ የተከበበች፣ ጀርባዋ ላይ የአውሮፕላን የመሰሉ ትልልቅ ፕሮፔለሮች ያሏት ሆቨርክራፍት። ሦስት ታንክ ጭና ቀጥ ብላ አሸዋው ላይ ትወጣለች። በዓይነቷ ከዓለም ትልቋ ናት፣ ግሪክም ሳትቀር ገዝታለች። ኢንተርኔት ላይ የሁለቱን ምስል እያደባለቁ ነው የሚለጥፉት። ደንበኛህ ያሳያችሁ ቪዲዮ ላይ መርከቡ ከባሕር ወጥቶ ሰዎች ከሚዋኙበት ዳርቻ ላይ ከቆመ፣ ያየኸው ዙብርን ነው።

ስለ ሲቩች መጠን ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ስታዲየም አጠገብህ ነው። ለዓለም አቀፍ ውድድር የሚሆን የእግር ኳስ ሜዳ ወርዱ 68 ሜትር ነው። መርከቧ ከዳር እስከ ዳር ብትጋደም ልትሞላው የሚቀራት ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ነው። የራሷ ወርድ 17 ሜትር ስለሆነ የፍጹም ቅጣት ምት ክልሉን ሸፍና ትንሽ ታልፋለች። ክብደቷ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ከ1,000 ቶን በላይ ነው። ይህን ሁሉ ብረት ሁለት ጋዝ ተርባይኖች፣ የአውሮፕላን ሞተር ዓይነት ናቸው፣ በድምሩ 36,000 የፈረስ ጉልበት አውጥተው በ55 ኖት ይነዱታል። ኖት ማለት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፣ ወደ 1.85 ኪሎ ሜትር። አባዛውና 102 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣልሃል። እኛ ከሜክሲኮ ፒያሳ ለመድረስ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ስንሰቃይ፣ እሷ በዚያው ሰዓት አዳማን አልፋለች ማለት ነው። መንገዱ ውኃ ቢሆን ኖሮ።

ሆቨርክራፍት እንዴት መጣ ካልክ ደግሞ፣ እንግሊዝ ውስጥ ክሪስቶፈር ኮከረል የሚባል መሐንዲስ ነበር። በ1950ዎቹ አንዱን ቆርቆሮ ሌላው ውስጥ ከትቶ፣ አንደኛው የቡና ሌላኛው የድመት ምግብ ቆርቆሮ ነው፣ በመካከላቸው አየር እየነፋ የኩሽና ሚዛን ላይ ለካው። አየሩ በጠባቡ ቀለበት ተጨንቆ ሲወጣ የሚገፋበት ኃይል ዝም ብሎ ከሚነፋው በለጠ። በዚያ ሐሳብ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሆቨርክራፍት በ1959 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ተሻገረች። ከዚያ በኋላ እስከ 2000 ድረስ ሰውና መኪና የሚያመላልሱ ትልልቅ ሆቨርክራፍቶች በዚያ መስመር ላይ ይሠሩ ነበር። ሩሲያዎቹ ደግሞ ሚሳኤል ጫኑበት።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጉድ ከሆነች ለምን ሁለት ብቻ ተሠሩ? ታሪኳን ከመጀመሪያው ንገረን። አሁንስ የት ናት? (ከለገሃር)

መልስ፦ ከለገሃር መጠየቅህ ደስ ይላል፤ ነገሩ ከባሕር በጣም የራቀ ቦታ ነውና የሚጀምረው። ቦራ ሥራዋ የተጀመረው በ1984 ዘለኖዶልስክ በምትባል ከተማ ነው። ይህች ከተማ ታታርስታን በሚባለው የሩሲያ ግዛት ውስጥ፣ ቮልጋ ወንዝ ዳር ናት። ባሕር የለም። ለገሃር ላይ መርከብ ገጣጥመህ በባቡሩ መስመር ጅቡቲ ማውረድ በለው። እነሱ በእርግጥ ወንዝና ቦይ አላቸው። ስታሊን ያስቆፈረው የቮልጋና የዶን ቦይ ከ1952 ጀምሮ መርከብ ያሳልፋል፣ በዚያ በኩል ጥቁር ባሕር ይገባል። የነደፋት ደግሞ ሌኒንግራድ፣ የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ያለው አልማዝ የሚባለው የንድፍ ቢሮ ነው። ስሙን ያዙት፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ የቀዝቃዛው ጦርነት ሐሳብ ነው። የአሜሪካ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ትልቅ ራስ ምታት ነበሩ። ስለዚህ አነስ ያለች፣ ርካሽ የሆነች፣ ግን ከባድ ዱላ የያዘች መርከብ ትሠራ። ደርሳ ትምታና ትሩጥ። ዱላው «ሞስኪት» የሚባለው ሚሳኤል ነው። ስሙ ቢንቢ ማለት ነው፣ ሩሲያዎች ቀልደኞች ናቸው። ቢንቢው ወደ 4 ቶን ይመዝናል። ባሕሩን እየታከከ ከድምፅ ሁለት እጥፍ በላይ ይፈጥናል፣ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። እዚህ ብትተኩሰው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አዳማ ነው። ቦራ እንዲህ ያሉ ስምንት ተሸክማለች፣ አራት በግራ፣ አራት በቀኝ። ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ለመከላከል 20 አጫጭር ሚሳኤሎች፣ አንድ 76 ሚሊ ሜትር መድፍ፣ ሁለት ደግሞ ስድስት አፈሙዝ ያላቸው ፈጣን መድፎች አሏት። የሚያንቀሳቅሷት 68 ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው፣ ወይም የሚመርረው።

በ1987 ውኃ ላይ ወረደች። ሙከራዋን ስታደርግ፣ ሲጠግኗት፣ እንደገና ስትሞከር ዓመታት አለፉ። በ1991 መጨረሻ የሠራቻት አገር ራሷ ፈረሰች። ሶቪየት ኅብረት የለችም። ጥቁር ባሕር ላይ ያለው ዋናው የጦር ሰፈር ሴቫስቶፖል ድንገት ዩክሬን ውስጥ ተገኘ። መርከቦቹ የማን ናቸው? መኮንኖቹ ለማን ይምላሉ? ደሞዝ ማን ይክፈል? ሩሲያና ዩክሬን ስለ መርከቦቹ ክፍፍል ሲከራከሩ ዓመታት ፈጁ፣ ዋናው ስምምነት የተፈረመው በ1997 ነው። ቦራም በይፋ ሥራ ጀመረች የተባለው በዚያው በ1997 ነው። ቁጠረው። ከ1984 እስከ 1997። በሰዓት 102 ኪሎ ሜትር የምትሮጠው መርከብ ባንዲራ ለመስቀል 13 ዓመት ጠበቀች!

ታናሿ ሳሙም ደግሞ በ1991 ተጀመረች፣ ያ ዓመት ምን ዓይነት እንደነበር ከላይ ብዬሃለሁ። በ1992 ውኃ ላይ ብትወርድም አንዴ ወደ ደቡብ፣ አንዴ ወደ ባልቲክ ስትንከራተት ከርማ በይፋ የገባችው በ2000 ነው። በ2002 ሴቫስቶፖል ወርዳ ከእህቷ ጋር ተገናኘች። ከዚያ በኋላ ሁለቱም እዚያው አንድ ብርጌድ ውስጥ ነበሩ። በሰልፍ ቀን ነጭ አረፋ እያስነሱ ሲያልፉ ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚጋፋው እነሱን ለማንሳት ነበር።

ለምን ሦስተኛ አልተሠራችም ላልከው፣ ገንዘብ አንደኛው ምክንያት ነው። ግን እሱ ብቻ አይደለም። ይህች መርከብ ውስብስብ ናት። ተርባይን፣ ለጉዞ የሚሆን ናፍጣ ሞተር፣ ለአየሩ ሌላ ናፍጣ ሞተር፣ በየጊዜው የሚያልቅ የጎማ መጋረጃ። የሶቪየት መርከቦችን ጋዝ ተርባይን በዋናነት የሚሠራው ፋብሪካ ደግሞ ሚኮላይቭ የምትባል ከተማ ነበር፣ እሱም ዩክሬን ሆኖ ቀረ። እስከ 2014 ድረስ ቢያንስ ይሸጡላቸው ነበር። ሩሲያ ሴቫስቶፖል ያለችበትን ክሪሚያን ከያዘች በኋላ ዩክሬን የጦር መሣሪያ ዕቃ መሸጥ አቆመች፣ ሩሲያ ልትሠራቸው የነበሩ ሌሎች አዳዲስ ትልልቅ መርከቦችም ሞተር አጥተው ቆሙ። መኪና ያለው ሰው ይህን ይረዳል። ዕቃ መለዋወጫው የሚገኘው ከተጣላኸው ሰው ሱቅ ብቻ ሲሆን ምን ታደርጋለህ?

እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ፣ የግሌ አስተያየት ነው። ስለዚህች መርከብ የሚጽፉ ሁሉ ፍጥነቷን ብቻ ነው የሚያወሩት። ፍጥነቷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ብዙም አልፈየደላትም። ያዘገያት ማዕበል አይደለም፣ ያዘገያት የብስ ላይ ያለ ጣጣ ነው። መንግሥት ፈረሰ፣ ወረቀት ጠፋ፣ ሞተር ሠሪው የሌላ አገር ዜጋ ሆነ። መርከብ ባሕር ላይ ከመስመጡ በፊት ቢሮ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል።

አሁን የት ናት ላልከው። በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር ሁለቱም የጥቁር ባሕር መርከቦች ነበሩ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የመርከቦቹ ሁሉ አውራ የነበረችው «ሞስክቫ» ሰመጠች። ከዚያ ዩክሬን ሰው አልባ ጀልባዎች ማሰማራት ጀመረች፣ ፈንጂ የተሞሉ፣ ከሩቅ በካሜራ የሚነዱ፣ እነሱም ፈጣን የሆኑ። የዩክሬን የደህንነት አገልግሎት መስከረም 14 ቀን 2023 ሳሙምን ሴቫስቶፖል ወደብ መግቢያ አካባቢ በእንዲህ ያለ ጀልባ መትቼ አቆስያታለሁ ብሏል። እስቲ አስበው። የአሜሪካን አውሮፕላን ተሸካሚ ልታሳድድ የተፈጠረችው መርከብ ደጃፏ ላይ፣ ማንም ሰው በሌለባት ጀልባ። ወደ ኋላ ላይ ሩሲያ ከጦር መርከቦቿ አብዛኞቹን ከሴቫስቶፖል አውጥታ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኖቮሮሲስክ አሽሽታለች።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ የቀድሞ ባሕር ኃይል ነኝ። ጉልምስናዬን ምጽዋ ላይ፣ ከሩሲያ የመጣ የሚሳኤል ጀልባ ላይ ጨረስኩ። ዛሬ ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ጀበና ቡና እጠጣለሁ። እዚያ ለሚሰበሰቡ ልጆች ኢትዮጵያ ሚሳኤል የሚተኩስ ጀልባ ነበራት ስላቸው «አባባ፣ ፊልም ላይ ነው?» ይሉኛል። የኛዎቹ ከዚህች ከምታወሩላት መርከብ ጋር ዝምድና አላቸው? ለልጆቹም አስረዱልኝ። (ከአራዳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆቹ ይቅርታ ይጠይቁዎታል፣ ቡናውንም እነሱ ይከፍላሉ። ዝምድና አላቸው ወይ ላሉት፣ ካሰቡት በላይ አላቸው። የእርስዎ ጀልባ «ኦሳ» ነው የምትባለው። አልማዝ የሚለውን ስም ያዙት ብዬ ነበር አይደል? ኦሳን የነደፈው የሌኒንግራድ ቢሮ ኋላ ከሌላ ጋር ተዋሕዶ አልማዝ የሆነው ነው። ቦራ የአንድ ቤት ልጅ ናት፣ የኦሳ ታናሽ እህት በሏት።

ለልጆቹ፦ ኦሳ በሩሲያኛ ተርብ ማለት ነው። የምትሸከማቸው አራት ሚሳኤሎች ደግሞ «ተርሚት» ይባላሉ፣ ምስጥ ማለት ነው። ተርቧ አራት ምስጥ አዝላ ትዞራለች። የጀልባዋ ክብደት ከ250 ቶን አያልፍም፣ ፍጥነቷ ወደ 40 ኖት ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ማንም አይንቃትም ነበር፤ ምክንያቱም በጥቅምት 1967 ፖርት ሰኢድ ላይ ግብፆች ከኦሳም በምታንስ ጀልባ ያንኑ ምስጥ ተኩሰው ኤላት የምትባለውን የእስራኤል የጦር መርከብ አስምጠዋል። ዓለም ደነገጠ። ያን ያህል ትንሽ ጀልባ ያን ያህል ትልቅ መርከብ! በታኅሣሥ 1971 ደግሞ ህንድ ኦሳዎቿን በትልልቅ መርከቦች እያስጎተተች አስጠግታ ካራቺን መታች። ያስጎተተቻቸው ነዳጃቸው ረጅም መንገድ ስለማይበቃ ነው። እርስዎ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ኦሳ ላይ ሩቅ ባሕር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ።

የኛ አራት ኦሳዎች የመጡት በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በደርግ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ባሕር ኃይሉ ሌላ መልክ ነበረው። በ1950ዎቹ ሲቋቋም የኖርዌይ መኮንኖች ናቸው ያሠለጠኑት። በ1962 አሜሪካ «ኢትዮጵያ» ተብላ የተሰየመችውን ትልቋን መርከብ ሰጠች፣ ዕጩ መኮንኖች የሚለማመዱባት። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር ጃንሆይ ይወርዳሉ፣ የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ለእንግድነት ይመጣሉ። የአሜሪካም የሶቪየትም መርከብ አንድ ወደብ ላይ ቆሞ ማየት በዚያን ጊዜ በየትም አገር የሚገኝ ነገር አልነበረም።

መጨረሻው እንደሚያውቁት ነው። በየካቲት 1990 ምጽዋ ወደቀች። በግንቦት 1991 አሰብም ሄደች። የቀሩት መርከቦች ሸሽተው በአብዛኛው የመን ገቡ። በ1993 የመን ውጡ አለች። ጅቡቲ ገቡ፣ እዚያም የወደብ ኪራይ ተጠራቀመባቸው፣ በ1996 ጅቡቲ ወርሳ በሐራጅ ሸጠቻቸው። ጥቂቶቹን የገዛችው ኤርትራ ናት። ባሕር ኃይሉም በዚያው ተዘጋ። ልብ ብለውታል ጋሼ? የእርስዎ ባሕር ኃይል መርከቦች በኪራይ ዕዳ በተሸጡ በዓመቱ ነው ቦራ በይፋ ሥራ የጀመረችው። አንዱ መንግሥት ወድቆ ታላላቆቹ ጅቡቲ ላይ ታገቱ፣ ሌላው መንግሥት ወድቆ ታናሽየዋ ወረቀት ስትጠብቅ አረጀች።

አሁን ባሕር ኃይሉ እንደገና እየተቋቋመ ነው። በመጋቢት 2019 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሲመጡ በተፈረመው የመከላከያ ስምምነት ውስጥ ይህም ነበረበት። ልጆቹ ላይ አይፍረዱ። እነሱ ሲወለዱ ወደቡም መርከቡም አልነበረም። የጊዮርጊስ ዙሪያ ራሱ እንዴት እንደተለወጠ ያዩታል፤ ትናንት የነበረ ሱቅ ዛሬ የት እንደነበር ለማስረዳት ስንቸገር፣ ምጽዋ ላይ የቆመ ጀልባ ማስረዳት ከባድ ነው። የድሮ ፎቶ ካለዎት ይዘው ብቅ ይበሉ። ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ፣ ደረጃው ሦስት ፎቅ ስለሆነ ግን ቀስ ብለው ይውጡ፣ ሊፍቱ አይሠራም።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። ሌላ አገር እንዲህ ያለ መርከብ አለው? ደግሞስ ጣና ላይ አንድ ብናስገባ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አለው። እንዲያውም የሚበልጣት አለ። ቅድም ባሕር ኃይላችንን አሠለጠኑ ያልኳቸው ኖርዌዮች «ሾልድ» የሚባሉ ስድስት መርከቦች አሏቸው፣ ስሙ ጋሻ ማለት ነው። አሠራራቸው እንደ ቦራ ነው፤ ሁለት ጎን፣ መሃል የተነፋ አየር። ግን ብረት አይደሉም፣ ከፋይበር ነው የተሠሩት፣ ክብደታቸውም 270 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ 60 ኖት ይሮጣሉ። የመጀመሪያዋ በ1999 አገልግሎት ስትጀምር አሜሪካኖች ዓይናቸው ገብታ ከ2001 እስከ 2002 ተከራይተው ሞክረዋታል። እኔን ብትጠይቂኝ ይህኛው ነው ብልህ ሥራ። የኖርዌይ ጠረፍ ደሴትና ገደል የበዛበት ነው፣ ተደብቆ ብቅ ብሎ መትቶ መመለስ ያመቻል። ቦራ ግን ክፍት ባሕር ላይ 1,000 ቶን ብረት ይዛ የት ትደበቅ?

አሜሪካ ራሷ ቀድማ ጀምራ ነበር። 100 ቶን ያህል የምትመዝን የሙከራ መርከብ ሠርተው በ1976 በሙሉ ሩጫ ላይ እያለች ሚሳኤል ተኮሱባት። ማለቴ ከእሷ ላይ ተኮሱ፣ ዓረፍተ ነገሩ አሳሳተሽ እንዴ? በ1980 ደግሞ ከ90 ኖት በላይ ሮጠች፣ ከ165 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት። 3,000 ቶን የሚሆን ትልቅ ልንሠራ ነው ብለው ሲሯሯጡ ግን በጀቱ ተቆረጠና ቀረ።

ጣናን በተመለከተ፣ ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር አካባቢ ነው፣ ቦራ አየሯ ሳይነፋ ሦስት ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ የምትገባው መንሳፈፉስ ትንሳፈፋለች። ግን ሐይቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያልቅባታል። ገዳማቱስ ምን በደሉ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ጋር!

ጥያቄ፦ ቦራ የአማርኛ ስም ነው እንዴ? አባቴ ገጠር ቦራ የሚባል በሬ ነበረው። (ከፒያሳ)

መልስ፦ በአጋጣሚ ነው የገጠመው። የኛ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ከብት ነው። የእነሱ ቦራ ነፋስ ነው፤ በክረምት ከተራራ ወደ ባሕር ቁልቁል የሚወርድ፣ ኖቮሮሲስክ ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ላይ ውኃውን እየረጨ በረዶ የሚያለብስ ኃይለኛ ቀዝቃዛ ነፋስ። አዎ፣ ያችው መርከቦቹ የተሰደዱባት ኖቮሮሲስክ። ሳሙም ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ቃሉ ዓረብኛ ነው፣ መርዝ ከሚለው የመጣ፣ በዓረብና በሰሃራ በረሃ አሸዋ ይዞ የሚነሳ የሚያቃጥል ነፋስ። አንዷ ብርድ፣ አንዷ ወላፈን።

የኛ ቤት ቦራም ነበር፣ አያቴ ጋ። ፍጥነት የሚባል አያውቅም፣ እርሻ ላይ ሰው ያስለቅስ ነበር። ወደ ቤት ሲመለስ ግን ማንም አይቀድመውም።